ካልሲየም ለጎረምሳው

ወንድሜ ቡችላውን ይዞ የመጣ ቀን ነጭ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ረጥቦ ነበር። ቡችላው ሸንቶበታል። እሱ ግን ግድም አልሰጠው፤ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ይስቃል።

«እትዬ፣ መዳፉን እዪው እስቲ! ይሄ ሲያድግ አንበሳ ነው የሚሆነው» አለኝ።

መዳፎቹ እውነትም ትልልቅ ነበሩ። የሌላ ውሻ ጫማ የተጫማ ይመስል ነበር።

እኛ ጅቡቲ የተወለድን ነን። አያታችን በባቡሩ ሥራ ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ አባታችንም እዚሁ ኖሮ እዚሁ ተቀበረ። እናታችን ስትሞት ወንድሜ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ልብስ ስፌት ገባሁና ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ጣራ ቤታችን እሱን አሳደግሁ። አላገባሁም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ በኋላ የሆነው ነገር ለምን እንደዚያ እንዳንገበገበኝ ግልጽ እንዲሆን ነው።

ወንድሜ ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ይሸጣል። ሌቦች የመጋዘኑን የሽቦ አጥር እየቆረጡ ስላስቸገሩት ጠባቂ ውሻ ሲፈልግ ከርሟል። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች ጀርመን ሼፐርድ ውሻ ነበረቻቸውና ከቡችሎቿ አንዱን ለሱ ሰጡት። እስኪጠነክር ቤት ይደግ ተባለ። ስም አላወጣለትም። «ጎረምሳው» ይለው ጀመር፤ በዚያው ቀረ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ሶማሊ ናት፤ አማርኛን ከእናቴ ጋር ስታወራ ነው የለመደችው። ቡችላው የግቢውን መሬት እያሸተተ ወደሷ ሲጠጋ የድሪያ ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወደ ኋላ አለች።

«እኔ ጸሎት አለብኝ፤ እንዳይነካኝ» አለች። «በናንተ በኩል እሰሩት። ከዚያ በተረፈ የአላህ ፍጥረት ነው፤ ምን አደርገዋለሁ።»

በኛ በኩል አሰርነው። በማግስቱ የፍየል ሥጋ ትርፍራፊ በፌስታል ቋጥራ አጥሩ ላይ ሰቅላለት አገኘሁ።

ወንድሜ ውሻውን ይወደው ነበር። ይህን አልክድም። ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ተነስቶ ምግቡን በገዛ እጁ ያዘጋጅለታል፤ ለራሱ ሻይ አፍልቶ የማያውቅ ሰው። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የውጭ ዜጎች የሚገበዩበት ሱቅ አለ። መጀመሪያ ከዚያ የቡችላ ምግብ በከረጢት አመጣ። ቀጥሎ ነጭ የካልሲየም ዱቄት በትልቅ ጣሳ መጣ፤ ቀጥሎ የዓሣ ዘይት፤ ቀጥሎ ፀጉር ያሳምራል የተባለ ፈሳሽ፤ ደግሞ ቡናማ የቪታሚን ኪኒን፣ እንደ ሥጋ የሚሸት። የማድ ቤቴ መደርደሪያ ሞላ። በርበሬዬና ሽሮዬ መሬት ወረዱ።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ቡችላ?» አልኩት።

«አንቺ እኔን እንዴት አሳደግሽኝ? ረሳሽው?» አለኝ።

አልረሳሁትም። ልጅ ሳለ ከሲታ ነበር፤ ደረቱ ላይ ያሉት አጥንቶች ይታያሉ። የዓሣ ዘይት ይጠጣ ያሉኝ የክሊኒኩ ነርስ ነበሩ። አፍንጫውን ይዤ በማንኪያ ስግተው ያለቅሳል፤ ከዚያ አንድ የብርቱካን ክንፍ እሰጠዋለሁ። አድጎ መለሎ ሆነ። ቁመቱን ከዚያ ማንኪያ እንዳገኘው ያምናል። አባታችን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው እንደነበር ብነግረውም አይሰማም።

አንድ ቀን ጣሳውን አንስቼ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን አነበብኩለት። ዱቄቱ ቤት የተሠራ ምግብ ለሚበሉ ውሾችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው ይላል። የተሟላ ምግብ ለሚበላ ቡችላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሰጥ ይላል። የከረጢቱን ምግብ ደግሞ አገላብጬ አሳየሁት፤ «የተሟላ» የሚለው ቃል ጉልህ ሆኖ ተጽፏል።

ሳቀብኝ። «እነሱ እንዳይከሰሱ ነው እንዲህ የሚጽፉት። ትንሽ የሰጠ ትንሽ ውሻ ያገኛል።»

በተጻፈው ልክ ቢሰጠው እንኳ ደግ ነበር። እሱ ግን በሾርባ ማንኪያ ከምሮ ነው የሚጨምረው፤ ዘይቱንም ከላዩ ያንቆረቁርበታል። ቡችላው ቶሎ ከበደ። ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ወፈረ። መንገድ ላይ የሚያየው ሁሉ «ማሻ አላህ» ይላል። ወንድሜ ውሻውን ይዞ ሲወጣ የራሱም አረማመድ ይለወጥ ነበር።

የሙቀቱ ወራት ገቡ። ያ አሸዋ ይዞ የሚነፍሰው ንፋስ ሲጀምር ሰውም ከብትም ጥላ ሥር ይተኛልና የውሻው መተኛት መጀመሪያ አላስገረመኝም። በኋላ ግን ሲነሳ ማየት ጀመርኩ። የፊት እግሮቹን ቶሎ አያነሳም። አንዱን ያስቀድምና ቆም ይላል፤ እንደ ሽማግሌ። መዳፎቹ ወደ ውጭ ዞረዋል። ክርኑን ስነካው አልነከሰኝም፤ እጄን ላሰና ዞር አለ።

ወንድሜ መጋዘኑ በዋለበት ቀን አንድ ባለታክሲ ለምኜ ውሻውን ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጅቡቲያዊ ናቸው፤ ወጣት ሳሉ ኢትዮጵያ ስለተማሩ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ውሻውን መሬት ላይ አስቆመው ዞሩት፣ እግሩን ዳሰሱት፣ ራጅ አነሱት።

«ምን ምን ይበላል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ ትልቅ ውሻ የማይፈልገውን ካልሲየም መልሶ ያስወጣዋል። ቡችላ ይህን ገና አያውቅበትም፤ የሰጡትን ያህል ይወስዳል። የዓሣው ዘይት ደግሞ ይብስ እንዲወስድ ያደርገዋል» አሉ። ራጁን ወደ መስኮቱ ይዘው በጣታቸው አሳዩኝ። «ክንዱ ላይ ሁለት አጥንት አለ። እኩል ማደግ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ሲቆም ሌላው መሄጃ ያጣና ይታጠፋል።»

«በዱቄቱ ነው?»

«በሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም። ዘሩም አለበት፤ ክብደቱም አለበት። ግን ዛሬውኑ ይቁም። ምግቡም ይቀነስ። ቀሪውን ዕድገቱን እንዳናበላሸው ነው አሁን የምንጣጣረው።»

ወንድሜ ከሥራ ሲመጣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ከዚያ ሄዶ ውሻውን አስቆመና እግሮቹን ተመለከተ። መቼም አልረሳውም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን መስሎኝ ነበር።

«ካልሲየም አንሶት ነው» አለ።

«ምን?»

«አጥንት የሚጣመመው ካልሲየም ሲያንስ ነው። ይሄን ማንም ያውቀዋል። ሐኪሙ መድኃኒት ሊሸጥልሽ ነው።»

«መድኃኒት አልሸጡልኝም! አቁሙ ነው ያሉኝ!»

«እትዬ፣ አንቺ ስፌትሽን ስፊ።»

በማግስቱ ጠዋት ማንኪያው ይበልጥ ተከመረ። ጣሳውን አንስቼ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት። ከሱ የሚበልጥ ጣሳ ይዞ መጣና መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆለፈበት። እንግዲህ ያሳደግሁት ልጅ ለአንድ የዱቄት ጣሳ በሩን ሲቆልፍብኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤቴ ጭቅጭቃችንን በግድግዳው ሰምታ ኖሮ በኋላ ግቢ ውስጥ አገኘችኝና «ወንድ ልጅ ስህተቱን ከሚቀበል ውሻውን ይገድላል» አለችኝ። ተቆጣኋት። ስለ ወንድሜ ሌላ ሰው ክፉ ሲናገር ያኔ ገና አልችልም ነበር።

ንፋሱ ሳያባራ የውሻው የፊት እግሮች እንደ ቅንፍ ተጣመሙ። የሚራመደው በመዳፉ ሳይሆን በእግሩ ጎን ነው። እንደዚያም ሆኖ ወንድሜ ወደ መጋዘኑ ወሰደው። ለምን እንደወሰደው እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት ጥርሱና ድምፁ ይበቃል ብሎ ይሆናል። እዚያ የሆነውን በኋላ የነገረኝ ጎማ ሲገዛ የነበረ ደንበኛ ነው። ሾፌሮች ተሰብስበው ውሻው ከተኛበት ለመነሳት ሲታገል ያያሉ። አንዱ «ይሄ ሌባ ሲመጣ ሊሰግድለት ነው እንዴ?» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። ወንድሜም አብሯቸው ይስቃል።

የዚያን ቀን ብቻውን ወደ ቤት ገባ።

«ውሻውስ?»

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለሾፌር። ዶራሌ የመኪና ማቆሚያው ጋ ትርፍራፊ ሞልቷል። እዚያ ይሻለዋል።»

«ሰጠኸው ነው ወይስ ጣልከው?»

ቬንቲሌተሩን ወደ ራሱ አዞረና ስልኩን ይነካካ ጀመር።

በማግስቱ ሥራ ቀርቼ ዶራሌ ሄድኩ። ያ የመኪና ማቆሚያ ለሴት ብቻዋን የሚመች ቦታ አይደለም። ተሳቢዎቹ እንደ ግንብ ተደርድረዋል፣ መሬቱ ዘይትና አቧራ ነው፣ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል። ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በሶማሊኛ። «እግሩ የተጣመመ ውሻ» ስል ይስቃሉ። አንዳንዱ ውሻ ፍለጋ መምጣቴን ሲሰማ ሌላ ነገር የፈለግሁ መስሎት ዓይኑን ያጠባል። ጉሮሮዬ ደርቆ ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ከመኪናው ሥር ብቅ አለ።

«እህቴ፣ ያንቺ ነው እንዴ?» አለኝ። «ትናንት ከመኪና ላይ ሲወረውሩት አይቻለሁ። ውሃ ሰጥቼዋለሁ፤ እንጀራ ግን አልበላም አለ።»

ውሻው ከተሳቢው ጎማ ጥላ ሥር ተጋድሟል። አገጩ ተልጦ ደም ደርቆበታል። ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረና አቃተው፤ ጅራቱን ብቻ አቧራው ላይ መታ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሾፌሩ እንዳላፍር ፊቱን አዙሮ ቆየና «እኔ ወደ ከተማ የሚገባ ጓደኛ አለኝ፤ ጋቢና ውስጥ ይጭናችኋል» አለ። ታክሲ ውሻ እንደማይጭንልኝ ሳልነግረው ገብቶታል። እስከ ሰፈሬ መግቢያ አደረሱን። ከዚያ ተሸክሜው ገባሁ።

ወንድሜ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። በዚያው ሳምንት ልብሱን ሰብስቦ ሌላ ቤት ተከራየ። ሲወጣ ያለኝ ይህ ብቻ ነው፦ «ከኔና ከውሻው መረጥሽ።» ማን እንድመርጥ እንደጠየቀኝ አላውቅም።

ጥቂት ወራት አለፉ። ስልክ አይደውልም፤ ስደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ይለኛል። ከሰዎች እንደሰማሁት ጎማውን ለሸሪኩ ትቶ ሌላ ንግድ ጀምሯል። ምን እንደሆነ ማንም በግልጽ አልነገረኝም። ያወቅሁት ክርና ዚፕ ልገዛ ቡላኦስ ገበያ በሄድኩበት ቀን ነው። ከገበያው ወጣ ብላ አዲስ ሱቅ ተከፍታለች፤ መስታወቷ ንጹሕ፣ ውስጧ ቀዝቃዛ። መስታወቱ ላይ ትልቅ የውሻ ፎቶ ተለጥፏል። ጆሮዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ደረቱ የወጣ፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ ቡችላ፤ ከኋላው የኛ ግቢ ሰማያዊ በር ይታያል። ከሥሩ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ «በኛ ቪታሚን ያደገ» ይላል።

እግሮቹ ገና ቀጥ ያሉ ነበሩ።

ገባሁ። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣራው ተሞልተዋል፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ኪኒን፣ ለአጥንት፣ ለፀጉር፣ ለጉልበት። ከዱባይ እያስመጣ ነው የሚሸጠው። ወንድሜ ከባንኮኒው ኋላ ተነስቶ እጁን ዘረጋልኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«እትዬ! በመጨረሻ መጣሽ!»

«ያን ፎቶ አውርደው» አልኩት።

«ለምን?»

«ውሸት ነዋ።»

«የቱ ላይ ነው ውሸቱ? ውሻው የኔ ነበር። ቪታሚን በልቷል። ያኔ ቆንጆ ነበር።» ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ የሚያስፈራኝም መረጋጋቱ ነው። አምኖበት ይናገራል። «የሚገዛኝ ሰው ሞልቷል። መጋዘን ያለው ሁሉ ውሻ ያሳድጋል። እኔ ባልሸጥላቸው ሌላው ይሸጥላቸዋል።»

«ቢያንስ ለቡችላ ካልሲየሙን አትሽጥ።»

«እትዬ፣ ብዙ የሚጠየቀው እሱ ነው።»

በዚህ መሃል ሰው ገባ። ጥሩ የለበሰ ሰውዬ፤ በፈረንሳይኛ ሰላም ብሎን ቡችላ እንዳገኘ፣ ዘሩ ትልቅ እንደሆነ፣ አጥንቱ እንዲጠነክር እንደሚፈልግ ነገረው። ወንድሜ ያንን ነጭ ጣሳ አወረደ። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጌታዬ፣ የቡችላ ምግብ በከረጢት ከሆነ የሚሰጡት ይህን አይጨምሩበት» አልኩት በፈረንሳይኛ። «ይህ መስታወቱ ላይ የሚያዩት ውሻ ቤቴ ነው ያለው። እግሮቹ ተጣመዋል። በእጄ ነው የማነሳው። መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።»

ሰውዬው ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ ፈገግ አለ፤ ያዘነ ፈገግታ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ግን በደንብ በምሰማው ፈረንሳይኛ፣ እንዲህ አለው፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ጤነኛ አይደለችም። የሌሉ ውሾች ይታዩዋታል።»

ሰውዬው ተመለከተኝ። ከዚያ በፊት በቁጣም በንቀትም ታይቼ አውቃለሁ፤ ይህኛው ግን ርኅራኄ ነበር፤ ዓይኑን በፍጥነት የሚሰብር ዓይነት ርኅራኄ። «ምሕረቱን ያውርድልዎ» አለና ጣሳውን ገዝቶ ወጣ። ወንድሜ በሩን ያዘለት።

እኔም ወጣሁ። ክሩንና ዚፑን ሳልገዛ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። እናታችን ስትሞት ጤናዬን እንዳላጣሁ፣ ያን ልጅ ጀርባዬ ላይ አዝዬ የምዞረው እኔ እንደነበርኩ፣ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስናገር ነበር። ምናልባት ያየኝ ሰው ሁሉ ወንድሜን አምኖታል።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ አድጓል። በዓል ሲመጣ በሰው እጅ ሥጋ ይልክልኛል፤ ራሱ አይመጣም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ይሳለመኛል፤ ሰዎች «እንዴት ያለ ወንድም ነው ያለሽ» ይሉኛል። ስለ ፎቶው የነገርኳቸው ዘመዶች ለአንድ ውሻ ብለሽ ወንድምሽን አትጪ ይሉኛል። ነገሩ የውሻ ብቻ እንዳልሆነ ማስረዳት ከብዶኝ ተውኩት። ጎረቤቴ ብቻ አንድም ቀን አልመከረችኝም። ጠዋት ውሻውን ሳነሳው ከሩቅ ቆማ «አይዞህ» ትለዋለች፤ እጇን ግን እስካሁን አታቀርብለትም።

ውሻው አሁን ሙሉ ውሻ ነው። ከስቷል፤ ሐኪሙ እንዳዘዙት ክብደቱን ቀንሼለታለሁ። ምግቡን ብቻ ይበላል፤ ሌላ አልጨምርለትም። ሕመሙ ሲበረታ የሚሰጠው መድኃኒት አለው። ደህና በሆነበት ቀን እስከ መንገዱ ጥግ ደርሰን እንመለሳለን፤ ደህና ባልሆነበት ቀን ፎጣ ከደረቱ ሥር አሳልፌ ወደ ጥላው እወስደዋለሁ።

በቅርቡ ደግሞ ክርኑ አበጠና ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። ረጅም ጊዜ አዳመጡት፣ ዳሰሱት።

«ልቡ ጤነኛ ነው» አሉኝ። «ሳንባውም። ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል።»

«ክርኑስ?»

«መገጣጠሚያው እያለቀ ነው። አይመለስም።» ማዳመጫቸውን አወለቁና «የማይችልበት ቀን ሲመጣ እኔ አለሁ። በመርፌ ነው፤ አያመውም። መቼ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

አላውቀውም። እንዴት ነው የማውቀው? ጅራቱን እየቆላ ነው የሚታመመው።

ከዚያ እንደወጣሁ ምን እንደነካኝ እንጃ ለወንድሜ ደወልኩ። ባለቤቱ እሱ ነበርና ይወቅ ብዬ ይሁን፣ ወይም ለብቻዬ መወሰን ከብዶኝ ይሁን። ስልኩን ቶሎ አነሳ። ከኋላው የሱቁ አየር ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

«ሐኪሙ ጋ ነበርኩ፣ ስለ ጎረምሳው ነው» አልኩት።

ቢያንስ ስለ እግሩ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ።

«እስካሁን አለ እንዴ?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁትና ውሻውን አቅፌ ታክሲ መለመን ጀመርኩ።